ሁለት ሊትር ተኩል

በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ የከተማችን ስም በየሰሌዳው «አዋሳ» ተብሎ በሚጻፍበት ዘመን፣ አባቴ በየአራት ወሩ አንድ ቅዳሜ ለቮልሱ ይሰጥ ነበር። ቁርስ እንደበላን ከጎኑ ያስቀምጠኝና መጀመሪያ ወደ ጥቁር ውሃ አቅጣጫ ይነዳል። ጥቂት ሄዶ ይመለስና ዘይት ሊያስቀይር መናኸሪያ አካባቢ ወደነበረው ጋራዥ ይገባል። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት ጊዜ ያችን ያህል መንዳት ቀላል ወጪ አልነበረም። በቀጥታ የማንሄድበት ምክንያት የገባኝ በኋላ ነው። ዘይት ቆሻሻውን ይዞ የሚወርደው ሲሞቅ ነው። ሞተሩ እንደቀዘቀዘ የማፍሰሻውን ብሎን የሚፈታ ሰው ዘይቱን ያወጣል እንጂ ጭቃውን እዚያው ይተወዋል።

ጋራዥ ስል አራት ቋሚ ላይ የተጣለ ቆርቆሮ፣ አንድ ትልቅ የግራር ዛፍና ከዘይት ብዛት እንደ አስፋልት የጠቆረ መሬት ማለቴ ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸው ነበር፤ አባቴም በዕድሜ ብዙ ሳይበልጡት እንዲሁ ነበር የሚጠራቸው። ሙያውን የተማሩት አዲስ አበባ፣ አንድ የጣልያን ጋራዥ ውስጥ፣ በልጅነታቸው መፍቻ እያቀበሉ ነው። ስለዚህ የጀርመኗ መኪና በእሳቸው አፍ ጣልያን ነበረች፤ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ሞቶሪኖ፣ ማርሚታ። እኔ እነዚህ ቃላት አማርኛ እየመሰሉኝ ነው ያደግሁት፤ ዛሬም አማርኛ ናቸው ብዬ እከራከራለሁ።

ቮልስ ያኔ የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና ነበረች። ጃንሆይ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወርደው ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ነው። አባቴ የእሱን የገዛት በቀጣዩ ዓመት፣ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ የውጭ አገር መምህር ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ1966 ሥሪት፣ ባለ 1300 ሞተር፣ 40 የፈረስ ጉልበት ያላት መኪና ናት። ከመኪናዋ ጋር አንዲት ትንሽ መመሪያ መጽሐፍ ተረክቧል። አባቴ ያችን መጽሐፍ እንደ ዳዊት በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር የሚይዛት። ቃሉን ያላወቀው እንደሆነ መዝገበ ቃላት ይዞ ይቀመጥና ትርጉሙን በእርሳስ ከዳር ይጽፋል።

የቮልስን ነገር ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር። ራዲያቶር የላትም፤ ውሃ አይገባባትም። ከኋላ የተቀመጠው ሞተር የሚቀዘቅዘው ቬንትሌተሩ በሚነፋው አየርና በዘይቱ ነው። ዘይቱ እየዞረ ብረቱን ያለሰልሳል፤ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወጣና አየር በሚነፍስበት በትንሿ ማቀዝቀዣ አልፎ ይመለሳል። ይህን ሁሉ የሚሠራው ደግሞ ሁለት ሊትር ተኩል ዘይት ብቻ ነው። እንደ ዛሬ መኪኖች በየጊዜው የሚቀየር ፊልትሮም የላትም። ከሆዷ ሥር በስድስት ብሎን የታሰረ ክብ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ በላይ የሽቦ ወንፊት። ሌላ ማጣሪያ የለም። ትንሽ ዘይት፣ ብዙ ሥራ፣ ደካማ ማጣሪያ። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይር ይላል መጽሐፉ። ጋሼ ግን «መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ የዲላን መንገድ አቧራ መቼ አየና» ብለው በ2,500 ያስቀይሩን ነበር።

የእኔ ሥራ ጣሳውን መያዝ ነበር። ጋሼ ዘይቱን ያፈሳሉ፤ ስድስቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈትተው በተርታ ጨርቅ ላይ ይደረድራሉ፤ ወንፊቱን ያወርዱና ወዲያው አያጥቡትም። ፀሐይ ላይ ይዘውት ይወጣሉ። ያገላብጡታል። አባቴ በዚያች ደቂቃ አያወራም። «ብልጭ የሚል ነገር ካለ ሞተሩ ራሱን እየበላ ነው» ብለውኛል አንድ ቀን። ከሌለ በቤንዚን ያጥቡታል፤ የመዳብ ማጠቢያዎቹንና ወረቀቱን በአዲስ ይተካሉ፤ ዘይቱንም ከጣሳ ይቀዳሉ። ሼል፣ ሞቢል፣ አጂፕ፣ ቶታል፤ የዚያን ጊዜ ልጅ እነዚህን ስሞች ከፊደል ገበታ ጋር ነው ያወቃቸው። ጋሼ ግን ስሙን አያዩም ነበር። የሚያዩት የውፍረቱን ቁጥር ነው። መጽሐፉ ለሞቃት አየር 30፣ በጣም ለሚሞቅ አገር 40 ይላል፤ ጋሼ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን ብለው 40 ያደርጉባት ነበር። ባዶውን ጣሳ ደግሞ በካቻቪቴ ሦስት ቦታ ይበሱታል። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ሌላ ሰው የተቃጠለ ዘይት ሞልቶ እንዳይሸጥበት» አሉኝ። 

የወረደው ዘይት በርሚል ውስጥ ይገባል። አናጢዎችና አጥር ሠሪዎች እየመጡ ይወስዱታል፤ መሬት የሚገባውን የግንድ ጫፍ ይቀቡበታል፤ ምስጥ አይደፍረውም። ጋሼ ይህን የሚያደርጉት ለሐይቁ አስበው ነው ብዬ አልዋሽም፤ ነገር ማባከን ስለማይወዱ ነው። እኛ ግን ከዘይት ቅያሬው በኋላ ቮልሷን በቀጥታ ሐይቁ ዳር እንወስዳትና ጎማዋን ውሃው ውስጥ አስገብተን እናጥባት ነበር። ሌላውም መኪና እንዲያ ነበር የሚታጠበው። ከሞተሩ ሥር የሚወርደው ውሃ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለም ሲንሳፈፍ አይ ነበር፤ ቀለሙም ያስደስተኝ ነበር። ያ ቀለም ምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

አባቴ በ2006 ዓ.ም. ዐረፈ። ቮልሷ ለእኔ ቀረች።

ሐዋሳ በዚያ መካከል ሌላ ከተማ ሆናለች። ጋሪውና ብስክሌቱ መንገዱን ለባጃጅ ለቀዋል። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ ከተማዋ ሰው በሰው ሆነች። የጋሼ ግራር ተቆርጦ ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል። እሳቸውም አርጅተው ቤት ውለዋል ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ነበር እንጂ አልሄድኩም።

በ2009 ዓ.ም. ቮልሷን ቀለም አስቀባሁ፤ ወንበሯን አሰፋሁ፤ ከዚያ የቀረው ዘይቷን መቀየር ነበር። አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ገባሁ። ድሮ ጣሳ ይደረደር በነበረበት መደርደሪያ ላይ ወርቃማና ብርማ ጄሪካኖች ተደርድረዋል። ሻጩ ትሁት ወጣት ነው። መኪናዬ ምን እንደሆነች አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «የመጨረሻው ጥሩ የትኛው ነው?» የሚል። በጣም ውዱን አወረደልኝ፤ 5ደብሊው-30፣ ሙሉ ሲንተቲክ። ለአባቴ መኪና ገንዘብ አልሰስትም ብዬ በኩራት ከፈልኩ።

ሦስት ወር ያህል ደህና ነበረች። አንድ እሁድ ከሻሸመኔ ስመለስ፣ መናኸሪያው ጋ ለባጃጆች ስቆም፣ አረንጓዴዋ የዘይት መብራት ብልጭ አለች። ስረግጥ ጠፋች። በሳምንቱ ደግሞ ከኋላ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ መጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው የሰፈር ሰው ሁሉ የሰማውን ድምፅ እኔ ለአንድ ወር አልሰማሁትም። በመጨረሻ ጎረቤቴ «ቮልሷ ልብስ ስፌት ጀመረች እንዴ?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። የቆመችበት ቦታ ሥርም ድሮ ያልነበረ የዘይት ጠብታ አለ።

አቶቴ ሰፈር፣ ጋሼ ቤት የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። በረንዳ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ለዩኝ።

«ከአባትህ ተዝካር ወዲህ ድምፅህን ሰምቼው አላውቅም» አሉ።

«ሥራ በዝቶ ነው ጋሼ፣ ይቅርታ።»

«መኪናዋ ባትታመም ዛሬም ባልመጣህ። እግዜር ይስጣት።»

ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። በቁጣ አልተናገሯትም፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው። በክንዴ ተደግፈው ወረዱና ከሞተሩ ኋላ ቆሙ። አስነሳ አሉኝ፤ አስነሳሁ። እጃቸውን ክዳኑ ላይ አድርገው አዳመጡ። አጥፋ አሉኝ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡና በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹት፤ አሸተቱት።

«ይሄ ዘይት ነው ወይስ ሻይ? ስንት ቁጥር ነው?»

«5ደብሊው-30፣ ጋሼ። ሙሉ ሲንተቲክ ነው፤ በጣም ውዱ እሱ ነው።»

«ዋጋውን አልጠየቅሁህም» አሉኝ።

ስድስቱን ብሎኖች እኔ ፈታሁ። ወንፊቱን ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ብልጭ የሚል ዱቄት ነበረበት። ጋሼ ከቤት ትንሽ ማግኔት አስመጡ፤ ዱቄቱ ተያዘ። «ብሮንዙ ቢሆን አይያዝም ነበር። ይሄ ብረት ነው፤ ካም ሻፍቱና ታፔቶቹ ናቸው» አሉ። ሞተሩ ወረደ። እንዳሉት ነበር፤ ሁለት የካም ጥርሶች ተበልተዋል፤ ሊያብረቀርቅ የሚገባው የታፔቶቹ ፊት ተጭሯል።

ምን እንዳደረግሁ ለማወቅ ከዚያ በኋላ ብዙ አነበብኩ። ጋሼ በጣታቸው የሚያውቁት ነገር በወረቀትም የተጻፈ ነው። ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ለብርድ ነው፤ ፊደሉም ዊንተር ከሚለው የፈረንጅ ክረምት የተወሰደ ነው። 5ደብሊው የሚባል ዘይት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ብርድ ላይ ሞተር ሲነሳ እንዳይገተር ተፈትኖ የወጣ ነው። 20ደብሊው የሚፈተነው ከዜሮ በታች 15 ላይ ነው። ሐዋሳ በ1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በጣም በሚበርደው የኅዳር ሌሊት እንኳ ውሃ አይረጋባትም። በዚያ ሱቅ ውስጥ ብዙ ብር አውጥቼ የገዛሁት ለእኛ ከተማ መጥቶ የማያውቅ ብርድ መከላከያ ነው።

ከሰረዙ ኋላ ያለው ቁጥር ነው ለእኛ የሚያስፈልገን። ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ይናገራል። 30 የሚባለው ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ፣ 40 ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። አዲስ ሞተር ውስጥ በብረትና በብረት መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ እንዲያውም ይስማማዋል። ሃምሳ ዓመት የሠራ ሞተር ግን ክፍተቱ ሰፍቷል። ቀጭኑ ዘይት ሲሞቅ በሰፋው በኩል ያመልጣል፤ ግፊቱ ይወርዳል። መብራቷም ስቆም የምትበራው፣ ስረግጥ የምትጠፋው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ነገር ከዓይን የተሰወረ ነው። በቮልስ ሞተር ውስጥ ካሙ ጠፍጣፋውን ታፔት እየፋቀ ነው የሚገፋው። ጭነቱ ሁሉ የሚያርፈው እንደ ክር በቀጠነች መስመር ላይ ነው። እዚያች መስመር ላይ ብረት ከብረት እንዳይገናኝ የሚያደርገው በዘይቱ ውስጥ የሚጨመር የዚንክና የፎስፈረስ ውሁድ ነው። ነገር ግን ዘመናዊ መኪና የጭሱን መርዝ የሚቀንስለት ካታሊቲክ ኮንቨርተር አለው፤ ፎስፈረስ ደግሞ ለእሱ ጠንቅ ነው። ስለዚህ ለቤንዚን ሞተር በሚሠሩት ቀጫጭን ዘይቶች ውስጥ የፎስፈረሱ መጠን ደረጃ በደረጃ እንዲቀንስ ተደረገ፤ ከመቶ 0.12 ወደ 0.10፣ በፈረንጆች 2004 ኤስኤም የተባለው ደረጃ ሲወጣም ወደ 0.08። እንደ 15ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 ያሉት ወፍራሞቹ በዚያ ገደብ አልታሰሩም። ለአየር የተደረገው ጥንቃቄ ትክክል ነው፤ ልጆቻችን የሚተነፍሱት እሱን ነው። የአባቴ መኪና ግን ኮንቨርተር የሚባል ነገር በየመኪናው መገጠም ሳይጀምር የተወለደች ናት።

ሦስተኛው ደግሞ አጣቢነቱ ነው። የዛሬ ዘይት ከድሮው ይልቅ ቆሻሻ ያጥባል። አሮጌ ሞተር ውስጥ ለዓመታት የተጋገረው ዝቃጭ በአንድ ጊዜ ሲላቀቅ ወንፊቱን ይደፍናል፤ በዝቃጩ ተሸፍኖ የነበረ የጎማ ማኅተምም ገመናው ይወጣል። ያ አዲስ ጠብታ የመጣው ከዚያ ነው።

ዘይቱ መጥፎ ነበር ማለቴ አይደለም። ለታሰበለት ሞተር ከማንም የተሻለ ነው። በተቃራኒውም ያው ስሕተት አለ። ለቀጭን ዘይት የተሠራችውን አዲስ ሱዙኪ ዲዛየር «ወፍራም ይሻላል» ብለው 20ደብሊው-50 የሚሞሉባት የታክሲ ሾፌሮች አውቃለሁ፤ ትንንሾቹ የዘይት መንገዶቿ ወፍራሙን ዘይት በጊዜ አያደርሱም። ለሁለቱም መፍትሔው መጽሐፏን ገልጦ ማየት ነው።

ጋሼም በሁሉ ነገር ልክ ነበሩ አልልም። የዱሮ ዘይት ሁሉ ከዛሬው ይበልጣል ይሉ ነበር፤ አይበልጥም። ሞተሯን ያገኘናት ዝቃጭ ተጋግሮባት ነው፤ ያ ዝቃጭ በእሳቸው ዘመን ከነበረው፣ ማጠብ ከማይችለው ዘይት የተረፈ ነው። ከበርሚል በሊትር የሚቀዳውንም አንዳንዴ ያምኑት ነበር፤ ማን እንደቀዳው፣ ምን እንደተቀላቀለበት ሳይታወቅ። እኔ ዛሬ ከበርሚል አልገዛም። እሳቸው ግን ከመቅዳታቸው በፊት ሞተሩን ይጠይቁት ነበር። እኔ ዲግሪ ይዤ፣ የአባቴ መጽሐፍ በዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልላ ተቀምጣ ሳለ፣ ሳልገልጣት ያን ሁሉ ወር ነዳሁ። ገጹን በኋላ አገኘሁት። አባቴ 40 የምትለዋን ቁጥር በእርሳስ አክብቦ ከጎኗ «ለአዋሳ» ብሎ ጽፎባታል።

ካሙንና ታፔቶቹን አዲስ አበባ አሠራሁ። ጋሼ በረንዳው ላይ ሆነው እየነገሩኝ፣ እኔና የእሳቸው የልጅ ልጅ ገጠምናት። አዲስ ካም ሲገባ ሞተሩ እንደተነሳ ዝም ብሎ በቀስታ መዞር የለበትም፤ ለሃያ ደቂቃ ያህል ከፍ ባለ ዙር መሮጥ አለበት፤ ካሙና ታፔቱ የሚላመዱት በዚያች ሰዓት ነው። ሃያውን ደቂቃ ጋሼ በሰዓት ሳይሆን በጆሮ ያዙልን። ከዚያ ወዲህ የምትጠጣው፣ ክፍተቷ ስለሰፋ ከመጽሐፉ 40 አንድ ደረጃ የወፈረውን 20ደብሊው-50 ነው፤ ማዕድን ዘይት፣ ታሽጎ የመጣ፤ ባዶው ጄሪካን በካቻቪቴ ይበሳል።

ዛሬ በሐዋሳ አስፋልት ላይ ድምፅ የሌላቸው መኪኖች እየበዙ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ኤሌክትሪኩ መንገዱን ይዟል። የሞተር ዘይት አይፈልጉም። የጋሼ የልጅ ልጅ የተማረው የእነሱን ጥገና ነው፤ ደስ ብሎኛል። አገሩ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ግን ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ፤ ዘይታቸውም አንድ ቦታ ይፈስሳል። ዝናብ ሲዘንብ ከየጋራዡ ደጃፍ ጥቁር ውሃ ይዞ የሚወርደውን ቦይ እዩት። ሐይቃችን መግቢያ እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም። ቆሮሶውና አምባዛው የሚኖሩት እዚያው ነው፤ እኛም አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው እነሱን ነው። በልጅነቴ ያየሁት ያ ቀስተ ደመና የት እንደደረሰ ዛሬ ገብቶኛል። ስለዚህ የወረደውን ዘይት በጄሪካን አሽጌ ለአንድ አጥር ሠሪ እሰጣለሁ፤ ቮልሷንም ሐይቁ ዳር ካጠብኳት ብዙ ዘመን ሆኗል።

ባለፈው ቅዳሜ ዘይት ቀየርኩላት። ከአራት ወር በፊት የገባው ሁለት ሊትር ተኩል ነበር፤ አሁን የወረደው ሁለት ሊትር ከሩብ ነው። የጎደለችው ሩብ ሊትር በጭስና በጠብታ ሐዋሳ ውስጥ ቀርታለች።